ሰሌዳው ላይ እኛ፣ ሜዳው ላይ እነሱ

በደሉ ይህ ነው። ኋላ ተድበስብሶ እንዳይቀር ከመጀመሪያው ልናገረው። የእኛን የገና ጨዋታ ፎቶ አንስተው፣ በትልቅ ሰሌዳ ላይ ሰቅለው፣ በእሱ እንግዳ እየጠሩ፣ እኛን ግን ከምንጫወትበት ሜዳ በሽቦ አገዱን። መሬቱን ወሰዱ ብዬ አይደለም የምከሰው። መሬቱን የሰጠው መንግሥት ነው፤ ለግጦሹም ምትክ ተሰጥቶናል። ምትኩ አነሰ የሚል ካለ ይበል፤ እኔ በእሱ አልመጣሁም። የእኔ ክስ አንድ ነው። በሰው መልክ እየነገዱ ባለመልኩን ከደጅ ማስቀረት ግፍ ነው። ይህን ለሰማኝም ላልሰማኝም ስናገር ከርሜአለሁ፤ አሁን ደግሞ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ በተማርኳት ፊደል እጽፈዋለሁ።

ሜዳው ከብቸና ወደ ሞጣ በሚሄደው መንገድ ዳር ነው። ከበላዩ የእኛ መንደር አለ፤ ከበታቹ የወንድሜ መንደር። እኔ የተወለድኩት በታችኛው፣ የተዳርኩት ወደ ላይኛው ስለሆነ ገና በመጣ ቁጥር ከወንድሜ ጋር እንጣላለን። እሱ ሩሯን ወደ ላይ ወርውሮ ጨዋታውን የሚያስጀምር ሽማግሌ ነው። እንደ ዳኛ ኮስተር ብሎ ይቆማል፤ ልቡ ግን ከታችኛው መንደር ጋር መሆኑን ያገር ሰው ያውቃል።

«ዓይንህን ጨፍነህ ወርውር!» እለዋለሁ ከዳር ሆኜ።

«አንቺ መጀመሪያ አፍሽን ዝጊ፣ ከዚያ እጨፍናለሁ» ይለኛል።

ጥርሳችን እስኪረግፍ እንዲህ ስንባባል ኖረናል።

ጨዋታውን ለማያውቅ ላስረዳ። ሩር የምንላት ከወይራ ሥር ተጠርባ የምትሠራ፣ ጭብጥ የምትሞላ ኳስ ናት። ዱላው ጫፉ ቆልመም ያለ ነው፤ ሩሯ አንዴ ከተወረወረች በኋላ በዱላ እንጂ በእጅ አትነካም። የላዩ ወደ ታች ይገፋታል፣ የታቹ ወደ ላይ። መስመር የሚባል ነገር የለም። ሩሯ ገደል ከገባች ገደል ይወረዳል፤ እሾህ ከገባች እሾህ ይገባል፤ ሰው ግቢ ከገባች ባለቤቱ በሩን ከፍቶ ዳር ይቆማል። ይህን ማንም ሕግ ብሎት አያውቅም። ሌላ ዓይነት ሆኖ ያየ ሰው ስለሌለ ብቻ እንዲህ ነው። አንድ ዓመት እኔ ጓሮ ገብታ የበርበሬ መደቤን እንዳልነበር አድርገውት ወጡ። አጥሬ ሥር ቆሜ ስስቅ ነበር። እንኳን በርበሬ፣ ስድብም የዚያን ቀን ቂም የለውም። ያሸነፈው መንደር የተሸነፈውን በግጥም ያብጠለጥላል። ካህኑ አይቀር፣ ሀብታሙ አይቀር፣ አማች አይቀር። የተሰደበ ሰምቶ ይስቃል፤ ከቻለም መልስ ይሰጣል። ፊቱን ያጠቆረ ግን እስከ ከርሞ ገና መሳቂያ ነው።

አምና በገና አንድ ፎቶ አንሺ መጣ። የላከው ከታችኛው መንደር ወጥቶ አዲስ አበባ በንግድ የከበረ ሰው ነው። እናቱ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የልጅነት ጓደኛዬ ነበረች። ፎቶ አንሺው «ባህላችሁን ለአገር ላሳይ ነው» አለ። ደስ አለን። ጠላ ሰጠነው፣ መሀል ሜዳ አቆምነው። ይባስ ብሎም አንድ ጎረምሳ ሩሯን ከአየር ላይ ሲመታት ሳያነሳው ቀርቶ «እባካችሁ እንደገና ምቱልኝ» አለ። በእኛ ዘንድ የተመታ ሩር እንደገና አይመታም፤ ለንጉሥም ቢሆን። እኛ ግን ለዚያ ለማናውቀው ሰው ጨዋታውን አቁመን ደግመን ደጋግመን መታንለት። ወንድሜም እየደጋገመ ወረወረለት። ዛሬ ሳስበው የተሞኘነው ያኔ ነው። አንዴ ለካሜራ የተመታ ሩር የማን እንደሆነ ማን ያውቃል?

ክረምቱን ትራክተር መጣ፣ ሣር ተዘራ፣ ሽቦ ተዘረጋ። «ጎልፍ የሚባል ጨዋታ ሊሆን ነው፤ ሎጅም አለው» አሉን። ባለቤቱ ያው ፎቶ አንሺውን የላከው ሰው ነው። አጥሩ ለከብት ነው አሉን፤ እኛም ከብት ስላልሆንን ዝም አልን።

በኅዳር ልጄ ወልዳ ላርሳት ሞጣ ሄድኩ። እዚያ ነርስ ናት። መናኸሪያው በር ላይ ከመኪና ስወርድ አንዲት ሎሚ የምትሸጥ ሴት ትኩር ብላ አየችኝ፤ ወደ ላይ አንጋጠጠች፤ መልሳ እኔን አየች።

«እትዬ፣ ይቺ አፏን የከፈተችው እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

ቀና ብል፣ ቤት የሚያህል ሰሌዳ። ወንድሜ እጁ ወደ ሰማይ እንደተዘረጋ፣ ጎረምሳው በዱላው ሊመታ ተወጥሮ፣ ከኋላቸው ደግሞ እኔ፣ ነጠላዬ ከራሴ ወርዶ፣ አፌ እስከ ጉሮሮዬ ተከፍቶ። የጎደሉት ጥርሶቼ ሳይቀሩ ይታያሉ።

«ነኝ» አልኳት። «ምነው፣ ልትገዢኝ ነው?»

«ኧረ እኔስ አቅሜም አይችል» ብላ ሳቀች።

ከሥሩ የተጻፈውን ፊደል በፊደል አነበብኩት። «በትርና ኳስ ከጥንት የተዋወቁበት ሜዳ። ጎልፍዎን እዚህ ይጫወቱ» ይላል። እውነቱን ለመናገር ደስ ነው ያለኝ። ልጄም «እማ፣ ታዋቂ ሆንሽ እኮ» አለችኝ። አራሷን ገንፎ እያበላሁ ሳስበው፣ ሰሌዳ ላይ ከሰቀሉንማ ሜዳው የእኛ መሆኑን አምነዋል ማለት ነው አልኩ። እኔ እንዲህ ነበር የገባኝ። በእንግድነት የተጠራሁ መስሎኝ እንጂ እንደ በግ ሥዕል ከሥጋ ቤት በር ላይ የተሰቀልኩ አልመሰለኝም።

ስመለስ ለገና ወር ያህል ቀርቶታል። በቀጥታ ወደ ሜዳው በር ሄድኩ። ጥበቃው የባሌ የወንድም ልጅ ነው፤ ሰማያዊ ልብስ አልብሰውታል።

«በሩን ለገና መቼ ነው የምትከፍቱት?» አልኩት።

ጫማውን አየ። «እትዬ፣ ከእንግዳና ከአባል በቀር አታስገባ ተብያለሁ።»

«እኔስ ምንድን ነኝ?»

«እርስዎማ እትዬ ነዎት» አለኝ። እኔም ከዚህ በላይ አላስጨነቅሁትም።

በማግስቱ ብቸና ወደሚገኘው ቢሯቸው ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁ ከሌላ ክፍለ አገር የመጣ ወጣት ነው። ጨዋ ነው፤ አልዋሽበትም። «እማማ፣ ይቀመጡ» ብሎ ወንበር ሳበልኝ፣ ውሃም ቀዳልኝ። ጉዳዬን ነገርኩት።

«እማማ፣ ሣሩ በጣም ስስ ነው። ዘሩ ከውጭ ነው የመጣው። ያ ሁሉ ሰው በዱላ ከሮጠበት አለቀለት።»

«ሰሌዳው ላይ የሮጥነው ምን ላይ ነው?»

ፈገግ አለ። «እሱ ማርኬቲንግ ነው፣ እማማ። እያንዳንዱ የጎልፍ ሜዳ ከሌላው የሚለይበት አንድ ነገር ይፈልጋል። አንዱ ሐይቅ አለው፣ አንዱ ተራራ አለው። የእኛ መለያ የእናንተ ጨዋታ ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ሜዳ ሌላ የትም የለም። እያስተዋወቅናችሁ እኮ ነው።»

«ከማን ጋር?»

«ከዓለም ጋር።»

«ዓለም ሲመጣ እኛ ሜዳው ላይ ከሌለን፣ ከማን ጋር ነው የሚተዋወቀው?»

ክፋት የለበትም፤ መላ ነው የሚፈልገው። «ለእንግዶች የባህል ትርኢት አስበናል። ወጣቶቹ ነጭ ለብሰው ይመጣሉ፤ ለሩብ ሰዓት ያህል ከሎጁ በረንዳ ፊት ይጫወታሉ።»

«ማን ያሸንፋል?»

«ማሸነፍ የለውም፤ ትርኢት ነው።»

«ካልተሸነፈ ማን ይሰደባል?»

«ስድብማ አይኖርም፣ እማማ። እንግዶች አሉ።»

«እንግዲያው ገና አይደለም። ነጭ የለበሰ ሰው ዱላ ይዞ ሲራመድ ነው። እሱንማ በየቀብሩ እናያለን።»

ልጁ ሳቁን ሊይዝ ቢታገልም አመለጠው። እኔ ግን አልሳቅሁም። ተነስቼ ቆምኩና «ወይ በሩን ክፈቱ፣ ወይ ሥዕሉን አውርዱ። ሁለቱንም ይዞ መኖር አይቻልም። ይህን ለባለቤቱ ንገርልኝ» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ብቸና ገበያ በወጣሁ ቁጥር ቢሮው ጎራ እላለሁ። «እማማ፣ ዛሬም መጡ?» ይለኛል። «መልስ ብትሰጠኝ አልመጣም ነበር» እለዋለሁ። ወንበሩን ራሴ እስብ ጀመር። ወደ ወረዳም ሄጃለሁ። አንዱ ሹም «ጉዳይዎ የመሬት ነው ወይስ የባህል?» አለኝ። «የፍትሕ ነው» አልኩት። «እሱ ሌላ ቢሮ ነው» አለኝና በእስክሪብቶው ወደ ኮሪደሩ አመለከተኝ። ሌላው ቢሮ ስደርስ ተዘግቷል። ስብሰባ ላይ ነበሩ።

ገና ሊደርስ ሲል ሁለቱ መንደር ተሰበሰበ። ጎረምሶቹ ሽቦውን እንቁረጠው አሉ። «ሽቦ ከቆረጣችሁ ክሱ ወደ እናንተ ይዞራል» አልኳቸው። «ተበዳይ ሆነን ነው የመጣነው፤ በዳይ ሆነን አንመለስም።» ወንድሜ ደግሞ በሌላ በኩል አስቸገረኝ። «ሜዳ ከሌለ ምን ላይ ይጫወታል? ዘንድሮ ይቅር» አለ።

«ዘንድሮ ከቀረ ከርሞ ማን ያስታውሰዋል? ሰሌዳው ብቻ! ልጅ ልጆችህ ገናን ሞጣ መናኸሪያ ላይ አንጋጠው እንዲያዩት ነው የምትፈልገው?»

«ታዲያ የት እንጫወት ትያለሽ?»

«አንተ ማሳ ላይ።»

የወንድሜ የጤፍ ማሳ ከሽቦው ጋር ይዋሰናል። ጤፉ ታጭዶ ተነስቷል፤ የቀረው ገለባና ጓል ነው። ወንድሜ አየኝ፣ ማሳውን በሐሳቡ አየው፣ ሽቦውንም አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ሳቀ። «አንቺ ሴትዮ፣ የታችኛው መንደር አንቺን ለላይኛው የዳረ ጊዜ ነው የተሸነፈው» አለኝ። ከእሱ አፍ ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና ሰምቼ አላውቅም። እኔም አልደብቅም፤ ቦታውን የመረጥኩት ሩሯ እንድትሻገር ነው።

የገና ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን፣ ፆሙን ፈትተን፣ ከሰዓት በኋላ ማሳው ላይ ወጣን። በሽቦው ማዶ ባለቤቱ የጋበዛቸው እንግዶች ጎልፋቸውን ይጫወታሉ። ጎልፍን ያን ቀን በደንብ አየሁት። ሰው ሁሉ የየራሱ ኳስ አለው። መትቶ ራሱ ይከተላታል፤ የሚቀማው የለም፣ የሚገፋው የለም። ስትቀርብ እየሳሳላት በቀስታ ነካ ያደርጋታል፤ ቀዳዳ ስትገባ ሌሎቹ ያጨበጭቡለታል። ሰው ከማን ጋር እንደሚጣላ ግራ ገባኝ። ቢሆንም መጥፎ አልልም፤ ሳይቸኩሉ ነው የሚጫወቱት።

ወንድሜ ወረወረ። ማሳው ጓል ስለሆነ ሩሯ እየነጠረች አስቸገረች፤ ሁለት ሰው ወደቀ፣ አንዱ ክርኑ ተላጠ። እኔ ከዳር «ከፍ አድርጋችሁ ምቱ!» እያልኩ ጉሮሮዬ ደረቀ። አንድ የላይኛው መንደር ጎረምሳ አገኛትና ባለ በሌለ ኃይሉ ለጋት። ሩሯ ሽቦውን ተሻግራ፣ ነጥራ፣ ያቺ እንደ ራስ ፀጉር የተከረከመች ሣር ላይ፣ ከትንሿ ባንዲራ አጠገብ አረፈች።

ሁሉም እየሮጠ መጥቶ ሽቦው ሥር ቆመ። ማንም አልነካውም።

ወደ በሩ ሄድኩ። «ክፈት፤ ሩሯ ግቢ ገብታለች» አልኩት ጥበቃውን።

«እትዬ፣ እንጀራዬ ነው» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ እሱም እኮ አምና ተጫውቷል።

«እንጀራህን አልነካም። ጌታህን ጥራልኝ።»

መጥራት አላስፈለገም። ባለቤቱ ከእንግዶቹ መሀል ወጥቶ እየመጣ ነበር፤ ሥራ አስኪያጁም ከኋላው። ሰውየው ወፍሯል፤ አፍንጫው ግን የናቱ ነው። የዚያን ቀን ያሻኝን የማለት መብት አለኝና ነጠላዬን አጥብቄ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ያዘጋጀሁትን አወረድኩት፦

«በሰሌዳው ላይ እኛን ሰቅሎ፣
በሜዳው ደጅ አስቀረን ከልክሎ።»

ሴቶቹ ተቀበሉኝ። እልልታው ሲቀዘቅዝ ጨመርኩለት፦

«ሩር ሲያይ ሸሽቶ እናቱ ጋ ይደበቅ ነበር፣
ዛሬ የዱላ ጌታ ሆኖ ዘጋብን በር።»

ይህኛው እውነት ስለሆነ ነው የሚያመው። በልጅነቱ ሩር ይፈራ ነበር፤ እናቱ ቀሚስ ሥር ሲገባ አይቼዋለሁ። የታችኛው መንደር ሰዎች ሳይቀሩ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አንዱ እንግዳ «ምን እያሉ ነው?» ብሎ ሥራ አስኪያጁን ጠየቀው። ልጁም «የበዓል ዘፈን ነው» አለው።

ሰውየው ፊቱ ጠቆር ሊል ሲል አየሁት። ግን ያገሩ ልጅ ነውና ራሱን ያዘ። «እትዬ፣ እንኳን አደረሰዎ። ቆይ፣ ሩሯን ላቀብላችሁ» አለና ሄዶ ሊያነሳት ጎንበስ አለ።

«እጅህን ሰብስብ!» ብሎ ጮኸ ወንድሜ። ሽማግሌው እንዲህ ሲጮህ ሽቦው ራሱ የተንቀጠቀጠ መሰለኝ። «ሩር በእጅ ይነካል እንዴ? ያውም የታችኛው መንደር ልጅ! አታዋርደን!»

ሰውየው እንደጎነበሰ ቀረ። እንግዶቹ ዱላቸውን ተመርኩዘው ያዩታል፤ ሁለት መንደር ከሽቦው ማዶ ያየዋል። ሩሯን ካነሳ በራሱ መንደር ፊት ገናን አፈረሰ። ትቷት ከሄደ፣ ሰሌዳው ላይ የጻፈው ውሸት መሆኑን እንግዶቹ በዓይናቸው አዩ። ይህን ሁሉ ከፊቱ ላይ አነበብኩት። እጁን ወደ ራሱ መልሶ ቀና አለ፤ ጫማውን አየ፣ ሣሩን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ።

«ዱላ አቀብሉኝ» አለ።

ከሽቦው በላይ አንድ ቆልማማ ዱላ ተወረወረለት። አልያዘውም፤ አምልጦት ወደቀ፤ ከማዶ ሌላ ሳቅ ተነሳ። አንስቶ ወደ ጥበቃው ዞረና «ክፈተው!» አለ። በሩ ሙሉ በሙሉ ሳይከፈት ሕዝቡ ገብቷል። እሱም ሩሯን መታት፤ ወደ ጎን ሄደችበት እንጂ መትቷታል።

እስኪመሽ ተጫወቱ። እንግዶቹ መጀመሪያ በረንዳው ላይ ወጡ፤ ኋላ ሁለቱ ወርደው ከታችኛው መንደር ጋር ሲሮጡ አየሁ። ከውጭ የመጣው ሣር በየቦታው ተነቀለ። ያሸነፈው ደግሞ፣ እግዜር ይይለት፣ ታችኛው መንደር ነው። ወንድሜ ራሱ መጥቶ ስለ ጥርሴ ገጠመብኝ፤ ያንን እዚህ አልጽፈውም። ሰምቼ ሳቅሁ፤ ደንቡ ነው።

ሰው መበተን ሲጀምር ግን ወደ ባለቤቱ ሄድኩ። የአንድ ቀን በር ለማስከፈት አልነበረም ያን ሁሉ የተመላለስኩት። ሎጁ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ያበጠ ቁርጭምጭሚቱን ያሻል።

«በሩን የከፈትከው ለዛሬ ነው ወይስ ለሁልጊዜ?» አልኩት።

«በየገናው ይከፈታል፣ እትዬ። ሰሌዳው ላይ እስካላችሁ ድረስ።»

«ሰሌዳው የአንተ ነው። ነገ ብታወርደውስ?»

ላቡን በእጅጌው ጠርጎ ሜዳውን አየው። ባንዲራዋ ወድቃለች፤ ሥራ አስኪያጁ ቀና ሊያደርጋት ይታገላል።

«እሱን ካወረድኩትማ፣ እትዬ፣ ሌላ ምን አለኝና ነው ሰው የምጠራበት?» አለኝ።